ከቦሌ አዘዞ አንድ ሰዓት ከዐሥር

እኛ አገር ሰው ሲሞት በስልክ «ሞተ» አይባልም። «ትንሽ አሟቸዋልና ና» ይባላል፤ መርዶው ቤት ሲደርስ ይነገረዋል። ደግነት ነው ይላሉ። እንዲህ ያለው ደግነት ይቅርብኝ።

እናታችን ያረፈች ዕለት አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለየሺዋስ ደውዬ ያልኩት ይኸንኑ ነው። እሷን በዕለቱ ቀበርናት፤ እሱ በማግስቱ በአውሮፕላን መጣ። ከቦሌ አዘዞ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በመኪና ዳባትን አልፎ እኛ ዘንድ ደባርቅ ሦስት ሰዓት ተኩል። ለበሽተኛዋ የገዛውን ብርቱካን እንደያዘ ደጃችን ላይ ድንኳን አየ። አባታችን መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም በለቀስተኛው ፊት «እናቱን ያልቀበረ ልጅ የለኝም» አሉት። የዋሸሁት እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። አባትና ልጅ ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

በ1994 የካቲት አባቴ ታመሙ። ተናዝዘው፣ ቆርበው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው።

«አንች ፍቅርአዲስ፣ ልጄን ጥሪልኝ። በቁጣ ያልኩትን በአፌ ላንሳለትና ልመርቀው» አሉኝ።

ሰኞ ቴሌ ሄጄ ደወልኩ።

«የሺ፣ አባ ታመዋል። ሳልመርቀው አልሙት እያሉ ነው፤ ነገ በአውሮፕላን ና።»

ማልቀሱን ሰማሁ።

«መቼ አረፉ?» አለኝ።

«ማርያምን፣ በሕይወት አሉ።»

«ለእማዬም ማርያምን ብለሽኝ ነበር» አለና ዘጋው። ደግሜ ብደውል ወጥቷል አሉኝ።

ማክሰኞ በማለዳ አባቴ ትራሳቸውን ከፍ አስደረጉ።

«አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ፣ አባ።»

«እንግዲያ ለምሳ ይደርሳል።»

ምሳ አለፈ። ረቡዕም ያንኑ ጠየቁኝ፤ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳቸው። መዋሸት ለምጄ የለ። እሳቸው ግን ሰዓቱን ከደቂቃው እየደመሩ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና እያሉ ዋሉ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ከመናኸሪያው በኩል ለቅሶ ተሰማ። የሺዋስ ነው። ጥቁር ለብሶ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «አባቴን፣ አባቴን» እያለ ይመጣል። ባለፈው በአውሮፕላን መጥቶም ቀብር አልደረሰም፤ አሁን ለተቀበረ ሰው ምን ያስቸኩላል ብሎ በአውቶቡስ ሦስት ቀን ተጉዟል። በመንገዱ የሰሙት ሁሉ መሪጌታ አረፉ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከትለውታል።

«የማን ለቅሶ ነው?» አሉ አባቴ።

ወዲያው ድምፁን ለዩት።

የሺዋስ ገብቶ ዓይናቸው ተገልጦ ሲያይ እግራቸው ሥር ወደቀ። አባቴ ጥቁሩን ልብስ ትክ ብለው አዩት።

«በምን መጣህ?»

«በአውቶቡስ፣ አባ።»

«ለእናትህ በአውሮፕላን መጣህ። እኔ ሞትኩ ሲሉህ ግን አልቸኮልክም።»

«አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያኔ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ስድስት ዓመት ዘግይቼ። አልሰሙኝም፤ ወይም ሰምተው ተዉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ጠበቀ፤ እጃቸው ከጋቢው ሥር አልወጣም።

ደጅ ያሉት ለቀስተኞች ይሂዱ ይቆዩ ግራ ገባቸው። ከሩቅ የመጡትም አሉ፤ አጥሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ አረፉ፤ ለቅሶውም ካቆመበት ቀጠለ።