በቁሙ የተለቀሰለት አባት

ወንድሟ አባታቸውን በቁሙ ከቀበረው ዓመታት አልፈዋል፤ የልብስ ሰፊዋ ሆድ ግን አንድ ቀን እንኳ አልበረደም።

የቀበረው በፊልም ነው። ታናሽ ወንድሟ የጠፈር መንኮራኩር ፊልሞች ደራሲ ነው፤ አገር ያወቀው። የመጀመሪያው ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ነጂ ነበር። መሪ ሲይዝ ያፏጫል፣ ሲናደድ ኮፍያውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ተሳፋሪውን ሁሉ «ልጄ» ይላል። ያየው ሰው በሙሉ ወደደው። ለልብስ ሰፊዋ ግን እንግዳ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው አባቷ ከነፉጨቱ ከነኮፍያው ሰማይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል።

አብረው ነበር ያዩት፣ ቤታቸው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት። «አየሽ? እኔ እኮ ነኝ!» እያለ አባቷ ጉልበቱን ይመታ ነበር። መጨረሻ ላይ መንኮራኩሩ እሳት ያዘው። ሽማግሌው ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ አስወጥቶ፣ እሱ መሪውን እንደያዘ ተቃጠለ። አባቷ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ምን አድርጌው ነው?» አለ።

«ፊልም ነው አባባ።»

ይህንንስ ዋጥ አደረገችው። ያልተዋጠላት ሌላ ነው። አባቷ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ አልጋ ከያዘ በኋላ፣ ወንድሟ ሬዲዮ ላይ ቀረበ። እሷ ሾርባ በማንኪያ ታጠጣለች፣ ሬዲዮው ራስጌ ላይ ተከፍቷል። ጋዜጠኛዋ በለቅሶ ድምፅ፣ «ያ ሽማግሌ የሟቹ አባትዎ መታሰቢያ ነው አይደል?» አለች። ወንድሟም፣ «አዎ፣ በጣም ይናፍቀኛል» አለ።

ሾርባው በአባቷ አገጭ ወረደ። እሱም አልዋጠም፣ እሷም አልጠረገችም።

በማግስቱ ደወለችለት። «ሴትየዋ ስታለቅስ ማቋረጥ ከበደኝ፣ እታለም። አስተካክለዋለሁ» አላት። አላስተካከለም። ጭራሽ እግሩም ቀረ። በበዓል በሰው በሰው ሰላምታ ይልካል፤ ሰላምታ ደግሞ በሽተኛ አያገላብጥም። አባቷ በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ያነሳል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሲሆን መልሶ ይጥለዋል።

እንዲህ እንደተቃጠለች፣ አንድ ቀን ትእዛዝ መጣ።

የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት የሆስፒታል ጋዋንም፣ የዘበኛ ዩኒፎርምም፣ የፊልም ልብስም ይሰፋል። የፊልም ልብስ የራሱ አመል አለው። በሕይወት ለሚቆይ ሰው አንድ ልብስ ይበቃል። ለሚሞት ግን ያንኑ ልብስ ደጋግመው ያሠራሉ፤ ሞቱ እየተደጋገመ ስለሚቀረጽ፣ ንጹሑ፣ የተቀደደው፣ በእሳት የተለበለበው ለየብቻ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰፊዎቹ ማን እንደሚሞት ከተመልካቹ ቀድመው ያውቃሉ። ጨርቅ ቆራጯማ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር፣ «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ትላለች።

የዛሬው ግራጫ ቱታ ነበር፤ ጭኑ ላይ ሰፊ ኪስ ያለው። ልብስ ሰፊዋ ገና ስታየው አወቀችው። ሁለተኛው ፊልም ላይ የመጣችው የመንኮራኩሩ ጠጋኝ ቱታ ነው። ያቺ ምላሰኛ፣ ፀጉሯን በጨርቅ ቅዳጅ የምታስር፣ አለቃዋን «አንተ ልጅ» የምትል ሴትዮ። ደንበኞች ልብስ ሰፊዋን «ቁርጥ አንቺን!» ሲሏት ለወጉ ትቆጣለች እንጂ ደስ ይላት ነበር።

ቆራጯ ትእዛዙን አየችና ጮኸች። «ውይ! አራት ቱታ! አንቺን ሊደፉሽ ነው!»

ሳቀች። የጓደኛዋን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠች። «እኔ እኮ ስቀልድ ነው፣ እህቴ።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጣቷ ጠመኔ እንደነካው ወጥታ ሄደች።

የደራሲው ቢሮ ግድግዳ በፊልሞቹ ፖስተር ተለጥፎበታል። አባቷ ከእሳት መሀል ቁልቁል ያያል።

«እታለም! ምነው ሳትደውዪ?»

«ብደውል ታነሳለህ?»

«ቁጭ በይ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ልትገድለኝ ነው አሉ።»

ወንድሟ ደነገጠ። «ማን ነገረሽ? ሚስጥር ነው እኮ!»

«ቱታው።»

ሳቅ አለ። ሳቁ የልጅነቱ ነው፣ ያ አንጀት የሚበላው። ዛሬ ግን አንጀቷን አልበላውም። «ክብር ነው እኮ፣ እታለም። የማይወደድ ሰው ቢሞት ማን ጉዳዬ ይላል? ተመልካቹ የልቡን ሰው ካላጣ፣ ጠፈሩ መጫወቻ ሜዳ ነው የሚመስለው። አደጋው እውነት እንዲሆንለት ከሚወደው ላይ መንጠቅ አለብኝ።»

«ያ አዛዡስ?»

«የቱ?»

«ያ መስኮት ላይ ቆሞ ከዋክብት እያየ የሚያነባው። ጢሙን እንዳንተ የሚከረክመው። እሱስ አይወደድም?»

«ይወደዳል።»

«ታዲያ ምነው ሞት እሱን ረሳው?»

«ታሪኩ በሱ ዓይን ስለሆነ... ማለቴ፣ አንድ ሰው መትረፍ አለበት።»

«እሱማ አዎ! አባባን አቃጠልክ፣ እኔን ልታቃጥል ነው፣ አንተ መስኮት ላይ ቆመህ ታለቅሳለህ። ደግ ሥራ ይዘሃል!»

«ከልቤ ነው ያለቀስኩት!» ድምፁ ከፍ አለ። «የአባባን ሞት ስጽፍ እህል አልቀመስኩም። አታውቂም።»

«ለሞተውማ ማን አያለቅስም? የሞተ ሰው ውሃ አይልም። ጀርባው አይቆስልም። አልጋው ላይ አይሸናም፣ ከሸናም በኋላ ልጁን እያየ አያፍርም። ተመልካቹ ምናምን አትበለኝ። አንተ የምትገድለን እንድትገላገለን ነው።»

ወንድሟ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ያን ቀን ሰምቷል አይደል? ሬዲዮውን።»

«ከአፉ ላይ ሾርባ ሲወርድ ነው የሰማው።»

«ታዲያ በምን ዓይኔ ልየው? ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ቆየ። በቆየ ቁጥር ደግሞ ባሰ።»

ልብስ ሰፊዋ ያኔ ነው የገባት።

«እስኪሞት እየጠበቅህ ነው» አለች። «ሲሞት ውሸትህ እውነት ይሆንልሃል።»

አይደለም እስኪል ጠበቀች። አንዴ አይደለም ቢላት አምናው ትሄድ ነበር። ወንድሟ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

«ቱታውን እሰፋልሃለሁ» አለች በሩን እየከፈተች። «እኔን እንዳሻህ ለብልበኝ።»

ቤት ስትገባ አባቷ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተኝቷል። ግማሽ አፉ ነው የሚናገረው፤ ቃሉ እየተጎተተ ይወጣል።

«የት ሄደሽ ነው?»

«እሱ ጋ።»

አንገቱን አነሳ። «ሊመጣ ነው?»

ሥራ በዝቶበት ነው ልትል ነበር። ስንት ጊዜ ብላዋለች። ዛሬ ግን ተወችው።

«አይመጣም አባባ። አፍሮሃል።»

አባቷ ጣሪያውን አየ። ያለቅሳል ብላ ፎጣ ፈለገች።

«እንሂዳ» አለ።

«የት?»

«እሱ ጋ። ሞቼ የለ? ልታይበት።» ከዚያ በደህናው እጁ አገጩን ዳበሰ። «መጀመሪያ ላጪኝ። ሙትም ቢሆን ሰው ቤት ሲሄድ...»

ላጨችው። ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችው። ቅያሬውን፣ መድኃኒቱን፣ የቁስሉን ቅባት፣ የላስቲኩን አንሶላ በአንድ ሻንጣ አጨቀች። የታክሲው ሹፌር አቅፎ ሲያስገባው ፊቱን ደጋግሞ አየው።

«አባት፣ ይቅርታና፣ ያ ፊልም ላይ የተቃጠሉትን ነጂ አይመስሉም?»

«ተርፌ ነው» አለ አባቷ።

ሹፌሩ እየሳቀ እስከ ወንድሟ ደጃፍ ድረስ ደግፎ አወጣላት። ልብስ ሰፊዋ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ አባቷ፣ «ሙት እኮ አያንኳኳም» አላት። እሷ ግን በሩን ደበደበችው፣ በቡጢ።

ወንድሟ ከፈተ። በካልሲ ነው። አባቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ ሻንጣውን አየ። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አባባ...» አለ።

አባትየው ቃል እስኪያገኝ አፉን አንቀሳቀሰ። ወንድሟ እርግማን እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጄ» አለ አባትየው፣ «ሽንት ቤትህ በየት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን እጅ ያዘችና አባቷ ብብት ሥር አስገባችው። ሁለተኛውን እጁን ወገቡ ላይ አደረገችው። ክብደቱ ከእሷ ትከሻ ወደሱ ሲሻገር ወንድሟ ተንገዳገደ፣ ግን ያዘ።

«በግራ ጎኑ አታስተኛው፣ ቁስል አለበት። ሾርባውን አብርደው። ሌሊት ካልተገላበጠ ይደማል። ሳምንቱን አንተ ጋ ነው፣ የሚቀጥለው እኔ ጋ። እንዲህ እየተፈራረቅን።»

«እታለም፣ እኔ እኮ አልችልም፣ ምኑንም አላውቅም...»

«እኔስ ማን አስተማረኝ?»

ሻንጣውን ወደ ውስጥ ገፋችውና በሩን ከውጭ ዘጋችው። ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ፣ «ቀስ! ቀስ በል፣ አንተ ልጅ!» ሲል ይሰማታል። ደረጃውን መውረድ ጀመረች።