የላይኛው መንጋጋ የተረሳለት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። ጥቂት ቆይቶ ፀጉር ማድረቂያ ይሆናል። ሥራ ሲሰጡትማ በቃ፣ አውሮፕላን ነው፤ የሚቀረው «ቀበቶዎን ይሰሩ» የምትል ሴት ብቻ ናት። እሷም አለች። ማይክሮፎን ይዛ አጠገቡ የምትቀመጠው የቤቱ እመቤት ናት።

ሥራዋ ማንበብ ነው። አሳንሰር ውስጥ «ሦስተኛ ፎቅ» የምትለው እሷ ናት፤ «በሩ ሊዘጋ ነው» የምትለውም እሷው። ስንቱ በእሷ ቃል ወጥቷል፣ ወርዷል፤ አመሰግናለሁ ያላት ግን እስካሁን የለም። ሰፈሩ «አንባቢዋ» ይላታል። ባሏ ደግሞ ጥርስ ሠሪ ነው። ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው የሚስቅበትንና የሚያኝክበትን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሞርድ ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባ ኮምፒውተሩን ይሞርዳል።

ኮምፒውተሩን ራሱ ነው የገጣጠመው። ያ ባልከፋ። ችግሩ፣ ፋብሪካው «በዚህ ፍጥነት ይሥራ» ብሎ የላከውን ፕሮሰሰር እሱ «የለም፣ ይሩጥ» ማለቱ ነው። የሮጠ ነገር ደግሞ ይግላል፤ የጋለው ነገር ላይ ያለችው መዳፍ የማታህል ፋን እየጮኸች ትዞራለች።

«ለምንድን ነው ግን የሚሮጠው?» ብላ ጠይቃው ነበር አንድ ጊዜ።

«ስለሚችል።»

«አንተም መሮጥ ትችላለህ እኮ። ስትሮጥ ግን አይቼህ አላውቅም።»

ነገሩ ሌላ ነበር። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች «የኔ በዚህ ፍጥነት ሮጠ» እያሉ የሚመዘገቡበትና ደረጃ የሚያገኙበት አንድ ድረ ገጽ አለ። እዚያ ጥርስ ሠሪው የታወቀ ሰው ነው። ከፊቱ ያለው፣ ራሱን «እሳተ ጎመራ» ብሎ የሰየመ ሰው ነው፤ በአካል ተያይተው አያውቁም፤ ጥላቻቸው ግን የወንድማማች ነው።

አንባቢዋ ይህን ሁሉ ችላው ኖራለች። ያልቻለችው የኢንሹራንሱ ነገር ሲመጣ ነው። አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ደንበኛ ሲደውል የሚሰማውን ድምፅ በሙሉ የምትቀዳለት ሰው ፈለገ፤ እሷም ናሙና ላከች። ይህን ሥራ ካገኘች ከሳሙና ማስታወቂያ ትገላገላለች፤ ዘላቂ ነው፣ የኩባንያው ድምፅ ትሆናለች። የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ ራሷ ደወለችላት።

«እህቴ፣ ድምፅሽን ወደነዋል። ከኋላሽ ያለው ግን ምንድን ነው? አየር ማረፊያ ሆነሽ ነው እንዴ የቀዳሽው?»

«እሱ... ኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተር? የኛም ቢሮ ኮምፒውተር አለ፤ መሬት ላይ ነው ግን። እስከ ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ንጹሕ አድርገሽ ላኪልን። አለዚያ ለዚያችኛዋ መስጠታችን ነው።»

ያችኛዋ «ማሯ» ናት። ስትናገር የሚንጠባጠብ ነገር ያለባት፣ የሆቴሉንም የሕፃናት ወተቱንም ማስታወቂያ ከአንባቢዋ አፍ የነጠቀች።

«ፍጥነቱን መልሰው» አለችው ባሏን ያን ዕለት ማታ።

ጥርስ ሠሪው እናቱን ከቤት አስወጣ የተባለ ያህል አያት። እናቱ ደግሞ እዚያው ተቀምጠው ነበርና እሳቸውም አዩዋት።

«ማቀዝቀዣውን እንቀይረው» አለ በመጨረሻ። «ዋናው ማቀዝቀዣው ነው።»

አንባቢዋ አልተከራከረችም። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሳቅ ሲሠራ የሚውል ሰው የሚታወቅበት አንድ ቦታ ቢኖረው ምን አለበት?

ጥሩ ማቀዝቀዣ ለመግዛት መጀመሪያ ልክ ያስፈልጋል። «በማስመሪያ ለካው» አለችው።

«ማስመሪያ የአናጢ ነው» አለና ከላብራቶሪው የጥርስ ልክ የሚወስድበትን ሲሊኮን ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩን በጎኑ አስተኛው፤ የጎኑን ክዳን አውልቆ ግድግዳ አስደገፈው፤ አሮጌዋን ፋን ነቀለ፤ ሆዱን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነና እንደ ሊጥ ያለውን ሲሊኮን ጠቅጥቆ ጫነበት።

አማቷ አንገታቸውን አሰገጉ። «አፍህን ክፈት አትለውም?»

«ከፍቷል እኮ እማዬ።»

«በል ቶሎ በል። ምራቁ ይሞላብሃል።»

በማግስቱ እዚያ ልክ ውስጥ ጄሶ አፍስሶ፣ የደረቀውን ይዞ መጣ። የኮምፒውተሩ ሆድ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ ፕሮሰሰሩ እንደ አደባባይ፣ አጠገቡ የቆሙት፣ ራሞች የሚባሉት የማስታወሻ ካርዶች እንደ አጥር። አንባቢዋ በሕይወቷ ብዙ ሞኝነት አይታለች። እንዲህ ያማረ ግን አላየችም።

ጄሶውን ይዘው የሄዱበት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ የ«ዲግሪ» ነው። ሰውየውን ዲግሪ የሚሉት ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ሌላ ነገር ስለማያወራ ነው። እንደምን አደርክ ቢሉት እንኳ የክፍሉን ሙቀት የሚናገር ሰው ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጄሶው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ። «የማን መቃብር ነው?»

«የኮምፒውተሬ ልክ ነው» አለ ጥርስ ሠሪው።

ዲግሪ ጄሶውን አየ፤ ሰውየውን አየ፤ ከዚያ ሚስትየዋን እንደ ማጽናናት አድርጎ አያት። «እሺ እህቴ፣ እናንተ በአየር ነው በውሃ የምትፈልጉት?»

«ውሃ? ኤሌክትሪክ ውስጥ?»

«ዝግ ነው። ውሃው በዚህ ቱቦ ይሄዳል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ እዚህ ያራግፋል፣ በዚያኛው ይመለሳል። አይፈስም።»

«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለች አንባቢዋ። «እስቲ አብራው።»

አበራው። ጆሮዋን አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮ እንጂ ዲግሪ የላትም፤ ጆሮዋ ግን የሙያ ጆሮ ነው። «ከሥር አንድ ነገር እምምም ይላል።»

«ፓምፑ ነው። እሱ ደግሞ ምን አለው?»

«ሰው ሲያኮርፍ የሚያሰማው ነው። አኩርፎ የሚኖር ነገር ቤቴ አላስገባም፤ ያለው ይበቃኛል።»

ባልየው የሰማ አልመሰለም። በዚያ ጊዜ የሱቁን ማቀዝቀዣ አንድ በአንድ እያነሣ ጄሶው ላይ እንደ መንጋጋ ጥርስ ይሞክራል። አንዱ ራሙን ይነካል፤ ያወርደዋል። አንዱ ይወላገዳል፤ ያወርደዋል። ጄሶው የተቀበለለትን እሷ በጆሮዋ ትጥለዋለች፤ እሷ የወደደችውን ጄሶው አይቀበልም። ሌሎች ገበያተኞች ሥራቸውን ትተው ከበቡ።

በመጨረሻ ሁለቱም ዝም ያሉለት አንድ ተገኘ። ሁለት ማማ ያለው ግዙፍ የብረት ክምር ሲሆን በመሀሉ ሰሃን የሚያህል ፋን ተሰክቷል።

«ይሄ ለምን አይጮህም?» አለች።

«ትልቅ ነዋ። ትልቅ ፋን ቀስ ብሎ ነው የሚዞር። የምትጮኸው ትንሿ ናት።»

«እንደ ሰው ነው በለኛ።»

ዲግሪ ሊጠቀልለው ሲል እጁ ቆመ። «ወንድሜ፣ ቁመቱ ግን ረዘም ይላል። የሳጥኑ፣ የኬዝህ ስፋት ስንት ነው?»

ጥርስ ሠሪው ተቀየመ። የሙያ ቅያሜ ነበር። ጄሶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «ልኩን እኮ ይዤ ነው የመጣሁት።»

ዲግሪ ከሙቀት በስተቀር በሰው ነገር የማይገባ ሰው ነውና ጠቀለለው።

ቤት እንደ ደረሱ ተገጠመ። ፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት ትንሽ ጠብ አደረገ፤ ማማውን አስቀመጠ፤ ብሎኑን አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እያለ አጠበቀ። ከራሞቹ ጋር የነበረው ክፍተት ፀጉር ቢያሳልፍ ነው። «አየሽ?» አለ። «አየሽ?» ከዚያ ክዳኑን ከግድግዳው አነሣና ሊዘጋ ሄደ።

አልዘጋ አለ።

አዙሮ ሞከረው። በጉልበቱ ገፋው። ማማው ከሳጥኑ አፍ በአንድ ጣት ወጥቷል። ክዳኑን ይዞ እንደ ጋሻ ጃግሬ ቆሞ ቀረ።

አማቷ ቀረብ ብለው አዩት። «አፉ አልገጠመም» አሉ።

ጥርስ ሠሪው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በእሱ ሙያ የታችኛውን መንጋጋ ልክ የሚወስድ ሰው የላይኛውንም ይወስዳል፤ አለዚያ ጥርሱ ከጎረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ ከላይኛው ጋር ይጣላል። ይህን ከሙያው በፊት የሚያውቀው፣ ከሙያው በኋላ የሚረሳው የለም። ክዳኑን ግን ራሱ አውልቆ ግድግዳ አስደግፎ ነው ልክ የወሰደው።

«የላይኛውን መንጋጋ ረሳሁት» አለ ለራሱ።

«የኔንስ የመጀመሪያውን ጥርስ ስትሠራ!» አሉ እናቱ። «ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ከረምኩ! ሰው ሁሉ የሰማሁት ጉድ ያለ እየመሰለው ምን ሰማሽ ይለኝ ነበር።»

አንባቢዋ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። «አፉን እንደ ከፈተ ይቆይ። እስቲ አብራውና ድምፁን እንስማ።»

«በርቷል እኮ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

ሦስቱም ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠጉ። ፋኑ በቀስታ ይዞራል፤ ድምፅ የለም። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም ነበርና ሌላው ሁሉ ይሰማ ጀመር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት። የጎረቤት ቧንቧ። የባሏ አፍንጫ በትንሹ ማፏጨቱ፤ ይህን ያህል ዓመት አብራው ተኝታ ሳታውቀው! አማቷ ወደ ክፍላቸው ገብተው ለእህታቸው ደወሉ፤ የተናገሩት አንድም ቃል አላመለጣትም።

«ኧረ እሷስ ደግ ናት! ትጮሃለች እንጂ። እንደው ምን እንደሚያስጮሃት። መቼስ ደንቆሮ እመስላታለሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአንባቢዋ ጆሮ ያን ዕለት ዘመዷ ሆነ። በሩን ዘጋች፤ ማይክሮፎኑን አስተካከለች፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለስለስ አድርጋ፣ የኢንሹራንሱን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበችና ላከችው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ኃላፊዋ ደወለች።

«አውሮፕላኑ ጠፍቷል። እሰይ። አንቺስ የት ሄድሽ?»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አይደለሽም። ይቺኛዋ ትለማመጣለች። የመጀመሪያዋ ታዛለች። የኛ ደንበኛ መኪናው ተጋጭቶ፣ ነዶት ነው የሚደውል፤ ያቺ ሴት ስትናገረው ቁጭ ይላል። ለስላሳማ ማሯም ለስላሳ ናት። የመጀመሪያዋን ላኪልን፤ ከሥራ ሳንወጣ።»

ስልኩ ተዘጋ። አንባቢዋ ማይክሮፎኑን አፍጥጣ አየችው። ለካ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ከፋን ጋር እየተጯጯኸች ነው የኖረችው። አሳንሰሩ የሚታዘዝላት፣ ሰዉ በሩ ሳይዘጋ የሚሸሸው ለዚህ ነው። ማንበብ ብቻ አልነበረም፤ ጠብ ነበር። አሁን የሚጣላት ጠፋ። አንዴ ሞከረች፤ ለሰስ አለ። እንደገና ሞከረች፤ ጮኸች፤ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የምትጮህ እብድ መሰለች። ሰዓቱ ይቆጥራል።

ጥርስ ሠሪው የሞርድ መሣሪያውን ይዞ ብቅ አለ። የክዳኑን መሀል ክብ አድርጎ ሊቆርጠው ነው፤ ማማው ራሱን እንዲያወጣበት። ፊቱ በርቷል።

«ታውቂያለሽ?» አለ። «እሳተ ጎመራን አለፍኩት! ሙቀቱ ገና ነው፤ ገና እጨምርበታለሁ። ምነው? ቀዳሽ?»

«አልቀዳሁም።»

«ለምን? ጸጥ ብሎልሽ የለ?»

አየችው። እጁ ላይ ሞርድ፤ ፀጉሩ ላይ ጄሶ፤ አፍንጫው ያፏጫል፤ እሳተ ጎመራን አልፏል።

«ና ቁም እዚህ» አለች።

«የት?»

«እዚህ። ከማይክሮፎኑ ኋላ። ሞርዱን አስቀምጥ። ዓይን ዓይኔን እይ። እንዳትናገር።»

ቆመ። መቅጃውን ጫነችው፤ ወረቀቱን አላየችም፤ በቃሏ ይዛዋለች።

«እንኳን በደህና መጡ» አለችው።

ጥርስ ሠሪው በግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ለተሽከርካሪ አንድን ይጫኑ። ለሕይወት ሁለትን ይጫኑ።» ለሕይወት ስትል ድምፅዋ ከሆዷ ነው የመጣው። «የመረጡት ቁጥር ትክክል አይደለም። የመረጡት ቁጥር፣ አሁንም፣ ትክክል አይደለም። እባክዎ አዳምጠው ይምረጡ።»

ባልየውን ላብ አጠመቀው። ዕድሜውን ሙሉ የመረጠውን ነገር ሁሉ በልቡ እየከለሰ ይመስላል። በበሩ ስንጥቅ አማቷ አጮለቁ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በአንድ እግር ቆመው።

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል። ሁሉም ሠራተኞቻችን በሥራ ላይ ናቸው።» እዚህ ላይ ወዳልተዘጋው ኮምፒውተር በዓይኗ ጠቆመች። «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው።» ይህኛው ላይ ብቻ ድምፅዋ ሳታስበው ትንሽ ሞቅ አለ፤ አልመለሰችውም። «እባክዎ ተራዎ እስኪደርስ በትዕግሥት ይጠብቁ።»

መቅጃውን አጠፋችው። አንድም ሳትደግም ላከችው።

ኃላፊዋ ወዲያው ደወለች፤ ቦርሳዋን ይዛ መሆኑ ያስታውቃል፤ ስልኩ ውስጥ ቁልፍ ይንኳኳል። «ይቺ ናት! የት ነበረች? ባለቤቴ መኪናውን ገጭቶ ገብቶ ያናገርኩት መሰለኝ። ሰኞ መጥተሽ ፈርሚ።»

ባልና ሚስቱ ደስ ብሏቸው ቁጭ ብለው ቅጂውን ሲያዳምጡት ነው አንድ ነገር የተሰማው። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በኋላ፣ «በትዕግሥት ይጠብቁ» ከምትለው ቀጥሎ፣ ቀጭን የወንድ ድምፅ «እሺ» ይላል። የድሮዋ ፋን ብትኖር ትውጠው ነበር።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለ ጥርስ ሠሪው።

«ከአንተ ሌላ ማን እሺ ይለኛል?»

«ደውዪና ንገሪያቸው፤ እንቁረጠው።»

«ተወው» አለች።

ኩባንያውም ወይ አልሰማውም፣ ወይ ሰምቶ ትቶታል። ዛሬም መኪናው ተጋጭቶ፣ ነዶት የሚደውል ሰው መጨረሻ ላይ ያችን «እሺ» ይሰማል። አብዛኛው ራሱ ያለው እየመሰለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።