የታጠረው ማሳ

ይርጋነሽ ላሞቿ ተከታትለው ሲሞቱ አላለቀሰችም። ጎረቤቶቿ «አይዞሽ፣ ከብት ይተካል» እያሉ ሲገቡና ሲወጡ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ታያቸው ነበር።

የዚያ ዓመት ክረምት እንደ ወትሮው አልነበረም። ሰኔን ዘሎ ሐምሌ ላይ መጣና ያለ ልክ ዘነበ። ከብቸና በታች ያለውን ማሳዋን ጎርፉ ሰንጥቆት ሲያልፍ፣ የዛጉ በርሜሎች ከአፈሩ ብቅ አሉ። ላሞቹ የጠጡት እዚያ ሥር ካቆረው ውኃ ነው። ያ ጥግ ከዱሮም ጤፍ አብቅሎ አያውቅም፤ ሟቹ ባሏ ደምለው «የማይረባ መሬት ነው» እያለ ዘር ሳይበትንበት ያልፈው ነበር።

ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት እዮብ የሚባል ወጣት ባለሙያ መጥቶ አፈሩን በላስቲክ ቋጥሮ ወሰደ። ውጤቱ ሲደርሰው ራሱ ቤቷ ድረስ ወረደ።

«እትየ ይርጋነሽ፣ የተቀበረው የተባይ መድኃኒት ነው። ዱሮ ይሸጥ የነበረ፣ አሁን የተከለከለ። እስኪጸዳ ድረስ ማሳው አይታረስም፤ ከብትም አይግባበት።»

«ማነው የሚያጸዳው?»

«ሕጉ የበከለው ያጽዳ ነው የሚለው።»

«የበከለውስ ማነው?»

«እሱን ፍርድ ቤቱ ያጣራል» አላት።

በብቸና ያን ዓይነት መድኃኒት ይሸጡ የነበሩት አቶ አስናቀው ብቻ እንደነበሩ አገር ያውቃል። የመድኃኒት መጋዘናቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ አሁን እህል ነጋዴ ናቸው። ይርጋነሽ ከሰሰቻቸው። እሳቸውም «የቀበርኩት ነገር የለም» ብለው ካዱ። በነጻ የቆመችላት ጠበቃ ማስተዋል «ሲቀበር ያየ ሰው ካላገኘን ክሱ ባዶ ነው» አለቻት። በኋላ አንድ ሰው አስታወሰ፤ የመጋዘኑ ዘበኛ የነበረው አብዱራዛቅ ሞጣ ገብቶ ሱቅ ከፍቷል።

መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ዕለት በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄደች። አብዱራዛቅን ጨርቅ ሲለካ አገኘችው። የደምለው ሚስት መሆኗን ስትነግረው ሜትሩን አስቀመጠ፤ ገበያተኛዋንም ነገ እንድትመለስ ለምኖ ሸኛት።

«ሳታውቂ ነው የመጣሽው?» አላት።

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን የቆፈርነው እኔና ደምለው ነን። ለጭነቱ ተቀጥሮ በርሜሎቹን በአህያ ያወረደውም እሱ ነው። አቶ አስናቀው ‹ጊዜው አልፎበታል፣ አርቃችሁ ጣሉት› ሲሉን እኔ ወንዝ ዳር እንወርውረው አልኩ። ደምለው ‹ሰው የሚጠጣው ውኃ ነው፤ እኔ የማይረባ ጥግ አለኝ› አለ። ለሰው አስቦ እኮ ነው። ጓንት የለ፣ ምን የለ። አንዱ በርሜል ተቀዶ እጁ ላይ ፈሰሰበት። ከዚያም ሳቀብኝ፤ እኔ ደንግጬ ስሸሽ።»

ደምለው ከመሞቱ በፊት የእጁ ቆዳ ይላጥ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ያንቀጠቅጠው ነበር። ይርጋነሽም ጠበል ወስዳው ነበር። አሁን ሐዘኑን በውስጧ እንደ ጠፋ መርፌ ብትዳስሰው አጣችው።

«ትመሰክርልኛለህ?» አለችው።

«እመሰክራለሁ። ግን ቁርዓን መትቼ አልዋሽም፤ የእሱንም እናገራለሁ።»

«ተናገር።»

ፍርድ ቤት መጥቶም ተናገረ። ያን ጊዜ የአቶ አስናቀው ጠበቃ ተነሣና፣ መርዙን የቀበረው የመሬቱ ባለቤት ራሱ እንደሆነ፣ ያም ባይሆን ጉዳዩ በይርጋ እንደሚታገድ ተከራከረ። ይርጋነሽ «ይርጋ» ሲል ስሟን የጠራ መስሏት ብድግ አለች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ማስተዋል ነጠላዋን ሳብ አደረገቻት።

«ይቀመጡ፤ እርስዎን አይደለም። ለመክሰስ ጊዜው አልፏል ማለቱ ነው።»

«ላሞቼ የሞቱት ዘንድሮ አይደል?»

«እሱን እኔ እነግረዋለሁ።»

ነገረችውም። ዳኛው ክሱ በይርጋ አይታገድም አሉ። መርዙ የአቶ አስናቀው ስለነበር እሳቸው አስወጥተው መሬቱን እንዲያጸዱ ፈረዱ። የላሞቹን ካሳ ግን ባሏ ወዶና ፈቅዶ ያስቀበረው ነው ብለው አልተቀበሉትም። እስኪጸዳም ማሳው ታጥሮ እንዲቆይ አዘዙ። ማስተዋል «ይግባኝ እንላለን» ስትላት ይርጋነሽ «እንጃ» አለች።

ደጅ ላይ አቶ አስናቀው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ጠበቋት።

«ይርጋነሽ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳለው አላወቅሁም ነበር።»

«ደምለውም አላወቀም» ብላ አለፈቻቸው።

በበጋው ሠራተኞቹ በመኪና መጡ። ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ለብሰው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በርሜሎቹንም አፈሩንም እያወጡ በወፍራም ላስቲክ ያሽጉ ጀመር። ይርጋነሽ ከአጥሩ ውጭ ሆና እዮብን ጠየቀችው።

«ደምለውን የገደለው ይኼ ነው?»

«አሁን ማወቅ አይቻልም፣ እትየ። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።»

«እሺ።»

የእንግዳ ነገር ነውና ምሳ ሠርታ ይዛ ነበር። ሠራተኞቹ አመሰገኗት፤ እዚያ መብላት ግን ክልክል ነው አሏት። ልብሳቸውን አውልቀው ከማሳው ርቀው ጉብታው ላይ ወጡ። ሳሙና እየተቀባበሉ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ደጋግመው አጠቡ፤ ጥፍራቸውን ሳይቀር ፈተጉት። ከዚያ በኋላ ነው እንጀራውን የቆረሱት።

ይርጋነሽ ቆማ ታያቸው ነበር። ደምለው በርሜሎቹን የቀበረ ዕለት ቤቱ ገብቶ ከእሷ ጋር እራት በልቷል። ከመብላቱ በፊት ታጥቦ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። ውኃ አፍስሳለት ይሆን? ያ ቀን ከሌሎቹ ቀኖች ጋር ተቀላቅሎባት ለይታ ልታወጣው አልቻለችም።

ሠራተኞቹ ሲጨርሱ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች።