መሪ የጨበጠችው ሴትዮ

«ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ። በእሷ በኩል ግን እንዳታልፉ» አለች ሹፌሯ በተዘጋ ድምፅ። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ ያልሰለቻት ቃል በታናሽ ወንድሟ ለቅሶ ሦስት ቀን ሳይሞላ አንገፈገፋት። ለቅሶ ደራሹ እንደ ተሳፋሪ በሩ ላይ ይገተራል። ደግሞ አይፈረድበትም። የሟቹ ሳሎን መሃል ላይ እርስ በርሱ በሚሰካ የመጫወቻ ጡብ የተሠራች፣ ጣሪያ ልትነካ ምንም ያልቀራት ሴትዮ ቆማለች።

ቆዳዋ ቡናማ ነው። ሹሩባዋ በጥቁር ጡብ ተጎንጉኖ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፉ አንቴና ሆኗል። ግማሽ ፊቷን ጥቁር መነጽር ሸፍኖታል። በሁለት እጇ የጠፈር መርከብ መሪ ጨብጣለች። ሰው ሲያልፍ ልብሱ ይነካትና አንድ ጡብ ጠብ ይላል። ሹፌሯ ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች፤ ከየት እንደወደቀ ስለማታውቅ ኪሷ ትከተዋለች። ኪሷ ሞልቷል።

«ፍቅረኛው ትሆን?» ይላል አንዱ በሹክሹክታ። «ሳያገባ የቀረው ለካ ለዚህ ነው» ይላል ሌላው።

አክስቷ ግን ሹክሹክታ አያውቁም። «ልጄ፣ ይህቺን ነገር አንሡልን። ሰው ሊያለቅስ ይገባና እሷን ሲያይ ዕንባው ይደርቃል።»

«አክስቴ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሱ ሊያሳያት የነበረበት የኤግዚቢሽኗ ሴትዮ መጥታ ትወስዳታለች። እስከዚያ ይቻሏት።»

ሹፌሯም ቢሆን ቶሎ እንድትሄድላት ትፈልጋለች። ሐውልቷን ባየች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል። አርባ አንድ ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ የስንቱን ፎቅ ሊፍት ሲጠግን የሚውል ባለሙያ፣ ማታ ማታ መሬት ላይ ተቀምጦ የሕፃን ዕቃ ሲሰካ ኖረ። ልቡን ያመው እንደነበር ለማንም አልተናገረም። ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ደረጃ ላይ ሞተ። ይህም ያናድዳታል።

የነገሩ መነሻ ሹፌሯ ራሷ ናት። ልጅ ሳሉ አባታቸው አንድ ካርቶን ጡብ ገዝቶላቸው ነበር፤ ካርቶኑ ላይ የዛሬ ሺህ ዓመት የሚበር የጠፈር መርከብና ፈረንጅ ሹፌሮቹ ተሥለዋል። ያኔ ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሥዕሉን አገላብጦ አይቶ «ከሺህ ዓመት በኋላ እኛ የለንም እንዴ?» አላት። «የለንም፤ ተኛ» አለችው። አልተኛም። ከካርቶኑ ውስጥ ቡናማ የነበሩት የዛፉ ግንድና ውሻው ብቻ ነበሩ። ዛፉን ነቅሎ፣ ውሻውን አፍርሶ፣ አንዲት ትንሽ ሰው ሠራና መርከቡ ውስጥ አስቀመጣት። «አለን» አላት ጠዋት። «የምትነዳውም እኛን ነው የምትመስለው።» ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ለቡናማ ጡባቸው ሲል ከየአሮጌ ዕቃ ተራው የሰው ዛፍና የሰው ውሻ ሲለቅም ኖረ።

መጨረሻ የተገናኙት በሞተበት ሳምንት፣ የአውቶቡሷ መነሻ ላይ ነው። በመስኮት በኩል ግራ እጇን ያዘና አገላብጦ ያየው ጀመር። «አንድ ደቂቃ፣ እንዲሁ ልየው።» «ልቀቀኝ፤ ተራዬ ደርሷል። አንተ ዕድሜህን በአሻንጉሊት ጨርሰው» ብላው ነዳች። በመስታወቱ ስታየው እጁን ኪሱ ከቶ ይስቅ ነበር።

ሰባት ሰዓት ገደማ የሻይ ፔርሙስ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ባሏ ከሐውልቷ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሚንጠባጠብ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«ጨርሻለሁ» አላት፣ የቧንቧ ማጣበቂያውን ክዳን እየገጠመ። «ከእንግዲህ ብትንከባለልም አትፈርስም።»

«ማን አጣብቅ አለህ? እሱ ሙጫ አይወድም ነበር። የተጣበቀ ነገር አይታረምም ይል ነበር።»

«ቢሆንስ፣ በመንገድ ትበተን? ደግሞ አንድ ስሕተት ነበረባት፤ አርሜዋለሁ። የግራ እጇ አመልካች ጣት ተገትራ ቀርታ ነበር። ነቅዬ መሪው ላይ አጥፌ አጣበቅኳት። አሁን እንደ ሰው ጨብጣለች።»

ሹፌሯ ፔርሙሱን የያዘ ግራ እጇን አየችው። አራቱ ጣቶች ጨብጠዋል፤ አመልካቿ ተገትራለች። ወንድሟ ሕፃን ሳለ ጣቷ ላይ በር ዘግቶባት ከዚያ ወዲህ አልታጠፈችም። መሪ ስትይዝም እንዲሁ ናት፤ ስንቱ ተሳፋሪ «ወደ እኔ ምን ትጠቁሚያለሽ?» ብሎ ተጣልቷታል።

ፔርሙሱን መሬት አስቀመጠችው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትገፋት፣ ይውሰዱልኝ ስትል የከረመችው ራሷን ነበር። አፈረች፤ ከዚያ ተናደደች። በባሏ፣ በለቅሶ ደራሹ፣ ይልቁንም አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» ባላላት በዚያ ሞኝ። ደግሞስ አንድ ደቂቃ መቼ ሰጠችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የኤግዚቢሽኗ ሴትዮ ሁለት ተሸካሚዎች ይዛ ደረሰች። ሹፌሯ በሩ ላይ እጇን ዘረጋች።

«ቆዩኝ። ጣቷ ሳይስተካከል አትወጣም።»

«አይላቀቅም» አለ ባሏ ፈራ ተባ እያለ። «እኔ ያጣበቅኩት ነገር አይላቀቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ጉጠት ላምጣ?»

«ይቧጭራታል።»

ልጅ ሳሉ ወንድሟ የወተት ጥርሱ ወልቆ ነበር፤ አልላቀቅ ያለ ጡብ ይዞ ይመጣና «ንከሺልኝ» ይላታል። ሹፌሯ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ጎንበስ አለች፣ የሐውልቷን ጣት በጥርሷ ያዘች።

«ኧረ ልጄን ምን ነካት» አሉ አክስቷ። «ያዟት እንጂ።»

ማንም አልያዛትም። ማጣበቂያው መሯታል። ነከሰች፣ ወዘወዘች፣ ሦስተኛው ላይ ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። ሦስቱን ትንንሽ ቡናማ ጡቦች በነጠላዋ ጠርጋ ቀጥ አድርጋ መልሳ ሰካቻቸው። ባሏ ማጣበቂያውን ሲያቀብላት በዓይኗ መለሰችው።

«ጠጋ በሉ» አለች።

ሰዉ ዛሬ ገና ጠጋ አለላት። ተሸካሚዎቹ ሐውልቷን አጋድመው በዝግታ ይዘዋት ወጡ። ያለ ሙጫ የተሰካችው ጣት በመንገድ እንዳትወድቅ፣ ሹፌሯ በማትታጠፈው ጣቷ ከሥር ደግፋት እስከ መኪናው ድረስ አብራ ሄደች።