በአንድ ካቦ ወደ ገሰራ

አስር አለቃ ጃርሶ ከሮቤ ፖሊስ ጣቢያ እየሮጠ ሲመጣ ጽጌ ገና ፊቷን መታጠቧ ነበር። ከገሰራ በሬዲዮ የተላለፈውን መልእክት በር ላይ እንደቆመ ነገራት። ታናሽ እህቷ ውዴ ሌሊቱን ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ደህና ናት። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሟም አልቆመም።

«ደፋ፣ አዴ ጽጌ! ቶሎ ይድረሱላት» አላት ጃርሶ ኦሮምኛና አማርኛ እያደባለቀ።

ጽጌ የሮቤ ክሊኒክ አዋላጅ ናት። እንግዴ ልጅ ሲቀር ምን እንደሚደረግ እጇ ያውቀዋል፤ ደም የሚያቆመው መርፌም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ውዴን ደግሞ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ራሷ ልጅ ሳለች፣ ወገቧ ሳይጠና።

የመንግሥት ላንድሮቨር ባለሥልጣኖቹን ይዞ ጊኒር ሄዷል። ጭቃው ከገባ ጀምሮ ወደ ገሰራ የሚወጣ የጭነት መኪና የለም። የቀረው የባሏ የሸዋርጋ ሞተር ብስክሌት ነው። ሸዋርጋ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው፤ በዚያች ዶቅዶቄ ያልደረሰበት የባሌ መንደር የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ዶቅዶቄዋ ኡመር ጋራዥ ውስጥ ናት። ከቀኝ እጀታዋ የሚነሱት ካቦ የሚባሉት የሽቦ ገመዶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ቤንዚኑን የሚከፍት፣ ሌላው መልሶ የሚዘጋ። የሚመልሰው ተበጥሶ፣ መለወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል።

ባልና ሚስቱ ኡመር ጋራዡን ሲከፍት ደረሱ። ነገሩን ሰምቶ ዶቅዶቄዋ አጠገብ ተንበርክኮ ካቦውን መረመረ።

«ካርቡራቶሩ ላይ ያለው ሞላ ብቻውንም ይመልሰዋል» አለ በመጨረሻ። «ሞላ ግን ጭቃ አይወድም። ሸዋርጋ፣ ስማኝ። እጀታውን ስትለቀው በራሱ ተፈናጥሮ መመለስ አለበት። እያመነታ ከተመለሰ ቁም፤ ጠራርገህ፣ ዘይት አጠጥተህ እንደገና ሞክር። እስከ መጨረሻው አትክፈት። ድንገት ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ ፍሬኑን ብቻ ይዘህ አትታገል። ፍሪሲዮኑን ጨብጥ፣ ቁልፉን አጥፋ።»

ኡመር ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረው፤ ድምፁ ከፍ አላለም። ካቦው ሳይወጠር ተኝቷል ማለት ነው። ወደ ጽጌ ዞረ።

«እህቴ፣ አደራሽን አታጣድፊው። በዝግታ ሂዱ፤ ኢንሻአላህ ትደርሳላችሁ።»

ጽጌ ቦርሳዋን በደረቷና በባሏ ጀርባ መካከል አድርጋ ተፈናጠጠች።

ከሮቤ እንደወጡ መንገዱ በስንዴው ማሳ መካከል እንደ ሊጥ ሆኖ ጠበቃቸው። ሸዋርጋ በሁለተኛ ማርሽ ይሄዳል፤ ኩሬ ባለፈ ቁጥር ይቆማል፤ እጀታውን ጠምዝዞ ይለቀዋል፤ ጭቃውን በጨርቅ ይጠርጋል። ጽጌ ከኋላው ሆና የሚፈሰውን ደም ታስባለች። ያንን ደም በስንት ሴቶች አይታዋለች። ፍጥነቱን ታውቀዋለች።

«ሸዋዬ፣ እባክህ!» አለችው።

«እየሄድኩ ነው።»

«ይሄ መሄድ ነው? በእግሬ እቀድምህ ነበር!»

ሸዋርጋ ፍጥነቱን አልጨመረም። ጀርባውን በጡጫዋ መታችው። አንዴ፣ ደግማም መታችው። «የአንተ እህት ብትሆን እንዲህ ትሄድ ነበር?» አለች።

ያቺ ቃል ወጋችው። ወደ ወንዙ ከሚወስደው ቁልቁለት በፊት ያለው ሜዳ ደረቅ ያለ ነበርና እጀታውን ከፈተው። ነፋሱ ነጠላዋን ገፈፈው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትደርስ መሰላት። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሸዋርጋ እጁን ለቀቀ። ሞተሩ ግን አልለቀቀም። እንደውም ጮኸ። ገደሉ ወደ እነሱ ሲሮጥ ታያት። ሸዋርጋ ፍሪሲዮኑን ጨበጠ፤ በሌላ እጁ ቁልፉን አጠፋ። ጩኸቱ ድንገት ተቋረጠና በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ሄደው ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ወደቁ። ከታች ወንዙ ይሰማል።

ማንም አልተጎዳም። ሸዋርጋ ዶቅዶቄዋን አነሳና ተንበርክኮ ካቦውን መጠራረግ ጀመረ። የዘይቱ ጠብታ ካቦውን እየሳተ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። ጽጌ ቦርሳዋን ከፍታ ብልቃጦቹ አለመሰበራቸውን አየች። ከዚያ ወዲያ ፍጠን አላለችም። በየኩሬው ቆመ፤ በየኩሬው ጠረገ፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

ከቀትር በኋላ ገሰራ ሲገቡ ዋይታው ከሩቅ ተቀበላቸው።

የውዴ ባል ገብረ መድኅን ደጅ ላይ ሰዎች ይዘውታል። የውዴ አማት ወይዘሮ ወለተ ማርያም ጽጌን በር ላይ አቅፈው ያዟት።

«ልጄ፣ አትድከሚ። መልእክቱን ልከን ሳንጨርስ ነው ያለፈችው። አልተሠቃየችም።»

ጽጌ እጃቸውን በቀስታ ከትከሻዋ ላይ አንስታ ገባች። ውዴን ነጠላ አልብሰዋት ነበር። ገለጠችው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ሳታስበው፣ እጇን በእህቷ ብብት ሥር ሰደደች።

ይሞቃል።

አገጯን ነካች፤ አልጠነከረም። ጣቶቿን ዘረጋቻቸው፤ እንደ ተኛ ልጅ ጣት ታዘዙላት። መልእክቱ ሲላክ አልነበረም የሞተችው። እነሱ ወንዙን ሲሻገሩ በሕይወት ነበረች። ምናልባት የመጨረሻውን ኩሬ አልፈው፣ ሸዋርጋ ተንበርክኮ ሲጠርግ፣ ያኔም ነበረች። ጽጌ ጉንጯን በእህቷ ጉንጭ ላይ አድርጋ ቆየች። ሙቀቱ እስኪጠፋ እዚያው መቆየት ፈለገች። ሴቶቹ ግን አነሷት።

ሸዋርጋ ከአጥሩ ሥር እጁን ሳይታጠብ ቆሞ ነበር። ወደ ዓይኗ ማየት አቃተው።

«ጽጌ... ብፈጥን ኖሮ እንደርስላት ነበር?»

ያንን ጡጫዋን አስታወሰች። ገደሉንም አስታወሰች። እውነቱን ብትነግረው በቀሪ ዘመኑ ሁሉ ያቺን መንገድ ሲነዳ እንደሚኖር ገባት።

«አንደርስም ነበር» አለችው። «ገና ከሮቤ ሳንነሳ ነው ያለፈችው።»

ሸዋርጋ መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትል ቃል አመለጠችው። ወዲያው አፍሮ አፉን በጭቃማ እጁ ሸፈነና አለቀሰ። ጽጌ አጠገቡ ተቀመጠች። ልታቅፈው እጇን አነሳች፤ ግን የውዴ ሙቀት እጇ ላይ ያለ መሰላትና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሕፃኗን ጽጌ ወሰደቻት። ሮቤ ውስጥ የምታጠባ ጎረቤት ነበረቻትና ከልጇ ጋር አብራ አጠባችላት። ሸዋርጋ ልቅሶ ሊደርስ ለሚመጣው ሁሉ በሐዘን ይናገር ነበር፤ «ምን ይደረግ፣ እኛ ሳንነሳ ነው ያለፈችው» ይላል። ኡመርም ሊያጽናናቸው መጥቶ «አልሐምዱሊላህ፣ እናንተም ተረፋችሁ» ሲል ጽጌ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ እውነቱን ነበርና። ሌሊት ግን ባሏ እንቅልፍ ወስዶት ሲተነፍስ ስትሰማ ትቀናበት ነበር። አንዳንዴም ትጠላዋለች። ጠዋት ቁርሱን ስታቀርብለት ያ ጥላቻ ለእሱም ለእሷም አይገባም ብላ ትውጠዋለች።

በተዝካሩ ዕለት ገሰራ ሄዱ። ካህናቱ ከተስተናገዱ በኋላ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ጽጌን ወደ ጓዳ ጠሯት። ሕፃኗን ተቀብለው ታቀፏት፤ ፊቷንም ትኩር ብለው አዩ።

«የዚያን ቀን እጅሽን ብብቷ ሥር ስትሰጂ አይቼሻለሁ» አሏት በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማማ።»

«አንቺ እንዳትጸጸቺ ብዬ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

«አውቃለሁ። እኔም ለሸዋርጋ የነገርኩት እርስዎ የነገሩኝን ነው።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጽጌ ሳትፈልግ ጥያቄው ከአፏ ወጣ።

«ጠርታኝ ነበር?»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሊዋሹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ተዉት።

«የዶቅዶቄ ድምፅ ይሰማኛል ትል ነበር» አሉ። «መጣች፣ መጣች ትለን ነበር። እኛ ምንም አልሰማንም።»

ጽጌ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። እስከዚያች ሰዓት ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም ነበር። አሁን አፏን በነጠላዋ አፍና፣ ውጭ ያለው ባሏ እንዳይሰማት እየተጠነቀቀች አለቀሰች። አሮጊቷም ሕፃኗን እንደታቀፉ አጠገቧ ተቀመጡ።