በእግሩ የመጣ በሽተኛ

ይህ ፖስተኛ ሲሄድ አያመውም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ያደለ ሰው ነው፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከወጣ የሚከተለው ውሻ እንኳ ይደክማል። ቤት ገብቶ ጋደም ሲል ግን የወገቡ ታችኛው ጫፍ እሳት ይሆንበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርጎ፣ ግንባሩን ደፍቶ፣ ቁጭ ብሎ ነው ያንቀላፋው። ሚስቱ ሰፊውን አልጋ ለብቻዋ ታቅፋ ቀረች። ድሮ ባንኮራፋ ቁጥር ጎኑን በክርኗ ስትጎስም የኖረች ሴት፣ ያ ማንኮራፋት ናፈቃት ብላችሁ ታምናላችሁ? ናፈቃት።

ሐኪም ቤት አልሄደም እንዳትሉ። ሰባት ጊዜ ሄዷል፣ ሰባቱንም በእግሩ። ፖስተኛ ታክሲ ሲሳፈር ከታየ ሰው ምን ይለኛል ባይ ነው! አርባ ደቂቃ ተራምዶ ሲደርስ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፍቷል። ያጎነብሱታል፣ ያስነሱታል፣ ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ ያደርጉታል፤ ምንም የለም። ክኒኑን ይዞ ይመለሳል፤ አሁንም በእግሩ። በመጨረሻ የሚስቱ እናት፣ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የጠላው አልጋሽን ነው አሏት። ነገሩ አንጀቷን አሳረራት።

ከሰባተኛው ቀጠሮ ሲመለስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ አየችው። ወዲያው አልጋ ላይ አረፍ አለና ጮኸ። ያኔ በራላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የዚህን ሰው በሽታ የደበቁት ግን የገዛ እግሮቹ ነበሩ።

ለስምንተኛው ቀጠሮ የወንድሟን ፒክአፕ አስመጣች፣ ከኋላው ፍራሽ አነጠፈች፣ ባሏን ውጣና ተኛ አለችው። ሬሳ ነኝ እንዴ ብሎ ተቆጣ። ግን ሴት የላከው ሞት አይፈራምና ወጥቶ ተኛ። ወንድሟን በሚዞረው መንገድ ንዳ አለችው፤ ሰዓት ሙሉ አዞሩት። ሐኪም ቤቱ በር ላይ የፖስተኛው ጩኸት ከመኪናው ጥሩምባ ቀድሞ ገባ። እሷ ከጎኑ ሆና፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ በደስታ ትስቅ ነበር።

ተረኛዋ ሐኪም ወጥታ፣ "ሲተኛ ነው የሚያመው?" አለች።

"ሲተኛ! ሲሄድማ ፈረስ ነው።"

በዚያው ሳምንት፣ ማስታገሻ ተወግቶ፣ ኤምአርአይ ተነሳ። ከአከርካሪው ግርጌ፣ ነርቮቹ እንደ ክር ተበታትነው በሚወርዱበት ቦታ፣ ባቄላ የምታህል ዕጢ ተሸጉጣ ተገኘች። ቀዶ ሐኪሙ፣ ከስንት አንዴ የምትገኝ ዓይነት ናት፣ ካንሰር አትመስልም፣ እናወጣታለን አሉ። ችግሩ ግን፣ የቀኝ እግሩ ነርቭ ላይ ተለጥፋለች፤ እግሩ ሊሰንፍ ይችላል። የሚስትየዋ ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ። ፖስተኛ ያለ እግሩ ምን ይሆናል? ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ እያለች፣ ከልቧ ፈራች።

ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ፖስተኛው ከሰመመን ነቅቶ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ መጡ። ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች፣ ናሙናዋም ክፉ እንዳልሆነች አሳይቷል አሉና ብርድ ልብሱን ከእግሩ ገለጡ።

"የቀኝ አውራ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ።"

ጣቱ ዝም። ደግመው ጠየቁ፤ አሁንም ዝም። ሚስቱ አልጋውን ተደግፋ ወደ ፊቱ ጎንበስ ስትል ግን አንድ የምታውቀው ድምፅ ሰማች። ሰውየው በጀርባው ተንጋሎ ያንኮራፋል!

ውስጥ እግሩን በጥፍሯ ኮረኮረችው። ቀኝ እግሩ ተፈናጠረና የቀዶ ሐኪሙን መነጽር ወለል ላይ ጣለው። ዓይኑን ሳይገልጥ አውራ ጣቱን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘ፣ "ይኸው፤ በቃ ተዉኝ ልተኛበት" አለና እንቅልፉን ቀጠለ። ቀዶ ሐኪሙ አልጋው ሥር መነጽራቸውን እየፈለጉ ይስቃሉ፤ እሷ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የቱ እንደቀደመ እሷም አታውቀውም።

በኋላ ነርሷ ገብታ፣ ማንኮራፋቱ ጎረቤት ክፍሎችን ስላስቸገረ በጎኑ እናስተኛው አለች።

"አትንኪብኝ፣ እህቴ" አለቻት። "ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ።"