አየር የማያስገባ በር

ፈንታሁን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። የሚያስሮጠው ፍርሃት ነው። ከሕንጻው ሥር ከሰል የምትቸረችረው ፍቅርተ ነበረች እንደ ዋዛ የነገረችው። እማሆይ ከቅዳሴ ሲመለሱ ብርዱ ጠንቶባቸው፣ ፍም በማንደጃ አስሞልተዋት ወጡ፤ አንተ የሠራህላቸውን መኝታ ዘግተው ሊሞቁበት ነው አለችው። መቼ እንደሆነ ሲጠይቃት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም አለች። ወደ ደረጃው ሮጠ።

እማሆይ ዓለሚቱ ከጉና ተራራ ሥር የመጡ መነኩሲት ናቸው። ልጃቸው ሲሳይ በስተርጅና ብቻቸውን አይቅሩ ብሎ ደብረ ታቦር አመጣቸው። ቤቱ ግን አንዲት ክፍል ናት፤ ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጅ፣ አሁን ደግሞ አያት። ሲጨንቀው ፈንታሁንን ጠራ። ፈንታሁን አናጺ ነው፤ ጠባብ ቤት በማስፋት የታወቀ አናጺ። ብልሃቱን ያገኘው ከአባቱ የሣር ቤት ነው። መደቡን ከጣውላ ሠርቶ ከሥሩ መሳቢያ ያበጅለታል። ቆጡን ከበር በላይ ሰቅሎ ሻንጣና ብርድ ልብስ ያወጣበታል። ገበታው ከግድግዳው ጋር ይታጠፋል። ለእማሆይ ደግሞ ጸሎታቸውን ለብቻቸው እንዲያደርሱ ብሎ፣ ከማዕዘኑ ላይ ቁም ሣጥን የምታህል መኝታ፣ ተንሸራታች በር ያላት፣ ሠራላቸው።

ሲነድፋት ከበሩ በላይ አራት ጣት ያህል ክፍተት ትቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እማሆይ አስጠሩት።

"ልጄ፣ የጉና ውርጭ በዚያች ቀዳዳ ተከትሎኝ መጣ እኮ" አሉት።

ሳቀ። ስፖንጅ ቆርጦ ክፍተቱን በማስቲሽ ደፈነላቸው፤ የበሩንም ዙሪያ ጎማ አለበሰው። መረቁት። በምን ሊሞቁ እንዳሰቡ ግን አልጠየቃቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ከምድጃ ጎን የተኙ ሴት መሆናቸውን እያወቀ አልጠየቀም። የሣር ቤት እኮ ይተነፍሳል፤ ጭሱም ክፉውም አየር በክዳኑ ሾልኮ ይሄዳል። እሱ የሠራው አይተነፍስም።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ በሩን ደበደበ። መልስ የለም። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ተጣራ፤ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። የገዛ ልቡን ብቻ ሰማ። ለሲሳይ ደወለ፤ ሚስቴም ልጆቹም ቤት የሉም፣ መጣሁ አለ፣ ግን ያለው ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው።

ከጎን ያሉት ጡረተኛው ሹፌር አቶ ይሻው በነጠላ ጫማ ብቅ አሉ።

"ምን ሆነህ ነው? መነኩሲት ሴት ከቅዳሴ መጥተው አረፍ ቢሉ ትረብሻቸዋለህ?"

"ጋሼ፣ ዲጂኖ አለዎት?"

"አለኝ። የሰው ቤት ሰብረህ እኔን ለምስክርነት ልታስቆመኝ ነው?"

"ሲሳይ እስኪደርስ ይሞታሉ።"

አቶ ይሻው ፊቱን አዩት። ገብተው ብረቱን ይዘው ተመለሱ።

በሩ በሦስተኛው ግፊት ተገነጠለ። ቤቱ ውስጥ ጭስ የሚባል የለም፤ ሁሉ ነገር በየቦታው፣ ጸጥ ብሏል። ከጭስ ይልቅ ይህ አስፈራው። ተንሸራታቿን በር ሲስባት፣ ድምፅ አታሰማም ብሎ እንደ ኮራባት፣ ያለ ድምፅ ተከፈተች። የታመቀ ሙቀት ፊቱን መታው። እማሆይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ተኝተዋል። ከእግራቸው ሥር ፍሙ ቀልቷል። ስማቸውን ጠራ፤ አልመለሱም። እጃቸውን ሲያነሳው ተመልሶ ወደቀ።

በብብታቸው ይዞ እየጎተተ ነፋስ ወዳለበት ኮሪደር አወጣቸው። አቶ ይሻው "በስመ አብ" እያሉ ማንደጃውን በጨርቅ ይዘው አወጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ፈንታሁን ተንበርክኮ ደረታቸውን ያያል። ይነሳል? አይነሳም? እኔ ገደልኳቸው፣ ይላል በልቡ፤ በገዛ እጄ ሣጥን ሠርቼ፣ ክዳኑን አሽጌ። ደረታቸው አንዴ ከፍ አለ። ብዙ ቆየ። ደግሞ ከፍ አለ። ከዚያ አቃሰቱና አስታወካቸው፤ ዓይናቸው ግን አልተገለጠም።

ሲሳይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። መጋኛ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ የመታቸው መጋኛ። ፍቅርተ የጠበል ጠርሙስ ይዛ መጥታ ፊታቸው ላይ ትረጫለች። ሲሳይ እናቱን ዳሰሰና ፈንታሁን ትከሻ ላይ ተጠመጠመ።

"አንተ ባትደርስልኝ አልቆልኝ ነበር። ወንድሜ ነህ ከእንግዲህ።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። "አንሱልኝ፣ ጠበል ቦታ እንውሰዳቸው። መጋኛ መርፌ አይወድም።"

መጋኛ የመታው ሰው መርፌ ከተወጋ እንደሚሞት የማያምን እዚያ አልነበረም። አንዱ እግራቸውን ያዘ።

ፈንታሁን የደፈነውን ቀዳዳ አሰበ። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም፤ ያዳነ ሰው ተብሎ ስሙ በየፎቁ ይነሳል። ቢናገር ግን ሲሳይ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ነገ ቤቴን ሥራልኝ የሚለውም አይኖርም። እማሆይን እንደገና ማቅለሽለሽ ያዛቸው፤ ትንፋሻቸውም ተቆራረጠ።

"መጋኛ አይደለም" አለ።

"ምን አልክ?"

"የከሰሉ አየር ነው ሲሳይ። መውጫውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳ ነበረው፤ በስፖንጅ ዘጋሁት። አሁን የሚያስፈልጋቸው ሐኪም ነው።"

የሲሳይ እጅ ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። እንደማያውቀው ሰው አየው። ፈንታሁን ያንን ዓይን መቋቋም ስላቃተው ጎንበስ ብሎ እማሆይን በጀርባው አዘለ። ፍቅርተ ባጃጅ ልታቆም ቀድማ ወረደች።

ታች ሲደርሱ ሲሳይ እናቱን ተቀብሎ ከኋላ አስገባ።

"አንተ እዚሁ ቅር" አለው።

"ለሐኪሙ በትክክል የሚነግር ሰው ያስፈልጋቸዋል" አለ ፈንታሁን። ፈቃድ ሳይጠብቅ ገብቶ የእማሆይን ራስ ጭኑ ላይ አሳረፈ።